የዐሥራ ሦስት ቀን እርጎ

«አያውቁም። ከነገርኳቸውማ አይቀምሱትም።»

አስያ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ ጓሮ ወጥታ ስትመለስ በማድ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ በኩል የሰማችው ይህን ነበር። ድምፁ የምራቷ የላምያ ነው፤ ስልክ ላይ ናት። ሌሊቱን ሲያወርድ ያደረው የቴፒ ዝናብ ገና አላባራም፤ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውኃ በርሜሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ በጠብታና በጠብታ መካከል ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። አስያ መጀመሪያ ስለማን እንደሚወራ አልገባትም። በኋላ ግን አሰበችው። በዚህ ቤት የሚኖሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሷ፣ ልጇ ናስረዲንና ሚስቱ ላምያ። ላምያ ባሏን «እሱ» ነው የምትለው። አንቱ የምትለው አማቷን ብቻ ነው።

«ዛሬ ዐሥራ ሦስተኛ ቀናቸው ነው» አለች ላምያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነጩን ዱቄት እንዳልሽኝ ነው ወተቱ ውስጥ የምጨምረው። ሕይወት አላቸው አይደል ያልሽኝ? ሆድ ውስጥ ገብተው ነው የሚሠሩት አይደል? አዎ፣ ለውጡንማ እያየሁት ነው። ናስረዲን? እሱም አያውቅም። በወሩ መጨረሻ ያልቃል፣ ኢንሻአላህ።»

አስያ ትንፋሿ እንዳይሰማ አፏን በሻርፗ ጫፍ ያዘች። ግድግዳውን ተደግፋ፣ በጭቃው ላይ እንደ ሌባ በጣቷ እየረገጠች ወደ ክፍሏ ገባችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ ከአጋሮ ይዛው የመጣችው የእንጨት ሣጥን፣ መስገጃዋ፣ ከግድግዳው ላይ የሟች ባሏ ፎቶ። ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት ነው። ስኳር የለባት፣ ግፊት የለባት። አምና ሆዷን እየነፋ ሲያስቸግራት ልጇ ጅማ ድረስ ወስዶ አሳይቷት፣ ካሜራ በጉሮሮዋ ገብቶ ታይቶ፣ «እናቴ፣ ጤነኛ ነዎት፤ የሆድዎ ጠባይ ነው» ተብላ፣ የምርመራ ወረቀቷን ይዛ ተመልሳለች። ያን ጊዜ ጤነኛ መባሏ አበሳጭቷት ነበር። አሁን ግን ያቺን ወረቀት አስታወሰቻት። ጤነኛ ሰው በዐሥራ ሦስት ቀን ውስጥ ምን ይሆናል?

በሩ ተንኳኳ። ላምያ ገባች፤ ፊቷን ታጥባ፣ ለሥራ ለባብሳ፣ በትንሽ ብርጭቆ እርጎ ይዛ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ በየማለዳው ታመጣላታለች። ቤት የለመደው፣ በታጠነ ቅል የረጋው ዓይነት እርጎ አይደለም፤ ጭስ ጭስ አይልም፤ ወፍራምና ልዝብ ነው፤ ከላዩ የማሻ ማር ጠብ ይደረግበታል። አስያ በልቧ «እየቀናሁም ቢሆን ምራቴ ሞያ አላት» እያለች እስከ ትናንት ብርጭቆውን በጣቷ ጠርጋ ነበር የምትልሰው።

«ኡሚ፣ ደኅና አደሩ? ሳይሞቅ ይጠጡት።»

«አልሐምዱሊላህ። እዚያ አስቀምጪልኝ፤ ዚክር ልጨርስ።»

ላምያ አስቀመጠችው፤ ግን አልወጣችም። ቆማ አየቻት። «ሆድዎ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አስያ ይህ ጥያቄ በየቀኑ እንደሚጠየቅ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለችው። «ደኅና ነው» አለች። ላምያ ፈገግ አለችና ወጣች። የውጭው በር ሲዘጋ አስያ እርጎውን ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠችና ክዳኑን እጇ እስኪያማት ድረስ አጠበቀችው።

ሰው ያለ ምክንያት አይፈራም። አስያ ምክንያቱን ታውቀዋለች። ከሁለት ወር በፊት፣ በዒድ ማግስት፣ ልጇን ሳሎን አስቀምጣ፣ «አራት ዓመት ጠበቅን። አላህ ለላምያ አልሰጣትም። አጋሮ፣ የአባትህ ዘመዶች ጋ፣ አንዲት ልጅ አለች። ሁለተኛ ብታገባ ማንም አይከለክልህም» ብላው ነበር። ናስረዲን እሺም እምቢም አላለም፤ ምንጣፉን ሲያይ ቆይቶ ተነሥቶ ወጣ። ላምያ በዚያ ሰዓት ገበያ ሄዳ ነበር። ገበያ እንደ ነበረች አስያ እስከ ዛሬ ጠዋት እርግጠኛ ነበረች። ምራቷ በዚያ ሰሞን አልተቆጣች፣ አላኮረፈች፣ ድምፅዋን አልቀየረችም፤ አሁን ስታስበው ይኸው ራሱ አስፈራት። የምትሠራው ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፋርማሲ ነው። የትኛው ዱቄት ምን እንደሚያደርግ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም።

ቤቱ ባዶ መሆኑን አረጋግጣ ፍሪጁን ከፈተች። ከእንቁላሉ ጀርባ፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ የአውራ ጣት የሚያህሉ ብርማ ፓኬቶች ተደርድረዋል። በላያቸው የፈረንጅ ፊደል አለ። አስያ ቁርአን በዓረብኛ፣ ጋዜጣ በአማርኛ ታነባለች፤ ይህን ግን አታውቀውም። አንዱን ወሰደች። ፍሪጁን ስትዘጋ ሆዷን ዳሰሰችው። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወሳት። ሆዷ ዝም ብሏል። ዓመታት ሲንጎራጎር፣ ሲነፋ፣ እንቅልፍ ሲነሣት የኖረው ሆድ ከአራት አምስት ቀን ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እሷ እፎይ ብላ ነበር። አሁን ግን፣ «ሊሞት ያለ ነገር ነው እንዲህ ዝም የሚለው» አለች ለራሷ።

ጎረቤቷ ማናልሞሽ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ወላጆቿ በመምህርነት ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሷም ሠላሳ ዓመት ሳይንስ ስታስተምር ኖራለች። ከአስያ ጋር በአንድ አጥር ዐሥራ ስድስት ዓመት ተጎራብተዋል፤ የፆምና የፋሲካውን፣ የረመዳንና የዒዱን ሳህን ሲለዋወጡ ኖረዋል። አስያ ሁሉንም ነገረቻት፤ የዒዱን ማግስት ግን አልነገረቻትም፤ እሱን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ማናልሞሽ መነጽሯን አድርጋ ፓኬቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋችና ፊደሉን እየቆጠረች አነበበች።

«ላክቶ... ባሲለስ።» እንደገና አነበበችው። «በስመ አብ! አስያ፣ ባሲለስ እኮ ጀርም ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣው ባሲለስ ነው ብለን ነው ያስተማርነው።»

«ሕይወት አላቸው ስትል ሰምቻለሁ።»

«አላቸዋ! ጀርም ሕይወት አለው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ማናልሞሽ ጫማዋን አጠለቀች።

በባጃጅ ወደ ገበያው ወረዱ፤ ለአንድ ሰው ሠላሳ ብር። ሾፌሩ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ የሸኮ መንገድ ስለ መበላሸቱ ያወራል፤ ማናልሞሽ እህ ትለዋለች። አስያ ብልቃጡን በሁለት እጇ ይዛ፣ ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማታል። ከፊል የሚሳብ፣ ከፊል የሚነክስ ነገር። ያሳለፈቻቸውን ዐሥራ ሁለት ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው፤ አንዱንም አላስተረፈችም። ሞት ራሱ አልነበረም ያስፈራት። ቀስ ብሎ መሞቱ፣ ሰው ቤት ውስጥ እየበሉና እየተሳሳቁ መሞቱ ነው። ላምያ ነገም ማር ጠብ አድርጋ እንደምትመጣ ስታስብ ጥርሷ ተንገጫገጨ።

የግል ክሊኒኩ ላብራቶሪ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ የአልኮል ሽታ፣ አንድ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ባለሙያው ጴጥሮስ ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ብልቃጡን ከፍቶ አሸተተ።

«እርጎ ነው እንዴ እናቴ? የጠጣው ሰው ታሟል?»

«እስካሁን አልታመመም» አለች አስያ።

ሁለት መቶ ብር ከፈለች። ጴጥሮስ ከእርጎው ጠብታ ወስዶ፣ ቀለም ነክሮ፣ አድርቆ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ጊዜ አጎነበሰ። አስያ የአንገቱን ጀርባ እያየች ጠበቀች። ቀና ሲል እንዲህ አላት፦ «ባክቴሪያ አለው፤ በትር በትር የሚመስል፣ ብዙ ነው። እርጎ ስለሆነ መኖሩ አይገርምም፤ ወተት ያለ እነሱ አይረጋም። ግን ደጉን ከክፉው እዚህ መለየት አይቻልም። ከተጠራጠሩ ትልቅ ላብራቶሪ ይላክ።»

አስያ የሰማችው «ብዙ ነው» የሚለውን ነው። ማናልሞሽ የሰማችው «ክፉው» የሚለውን ነው። በመሃል የተነገረው ሁሉ እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀረ።

የናስረዲን የቡና መጋዘን ከከተማው መውጫ ላይ ነው። ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ የእጃቸው ድምፅ እንደ ቀጭን ዝናብ ነው። ናስረዲን በጣውላ ከተከለለች ቢሮው ውስጥ፣ ሚስቱ በየጠዋቱ ከምታስይዘው ፔርሙዝ ሻይ ቀድቶ ይጠጣ ነበር። እናቱን በዝናብ በስብሳ ሲያያት ብድግ አለ። አስያ በሩን ዘጋች። የሰማችውን ነገረችው፤ ፓኬቱን አሳየችው፤ ጴጥሮስ ብዙ ነው ማለቱን ነገረችው። ስትናገር ልጇ እንዲቆጣት፣ «እማ፣ ምን ነካሽ? ላምያ እኮ ናት!» እንዲላት በውስጧ እየለመነችው ነበር።

ናስረዲን እንዲህ አላለም። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

«የዒዱን ነገር ማን ነገራት?» አለ።

ከዚያ ግማሽ የደረሰውን የሻይ ስኒ አየው። ፔርሙዙን ከደነና በአንድ ጣቱ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋ አደረገው። አስያ አየችው። ለአንድ አፍታ መታመኗ ደስ አሰኛት፤ ወዲያው ግን ከጠዋቱ የባሰ ብርድ ብርድ አላት። አራት ዓመት አብራው የተኛችን ሴት ልጇ በአንድ ትንፋሽ ሲጠረጥር አየች፤ ያስጠረጠረችውም እሷ ናት። «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ...» ልትለው አፏን ስትከፍት እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር። «ወደ ቤት ነይ። አሁን» ብሎ ዘጋው።

ላምያ ስትደርስ ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም፤ ትከሻዋ በዝናብ ርሷል። ሳሎኑ ውስጥ ናስረዲን ቆሟል፣ አስያ ብልቃጡን ይዛ ተቀምጣለች፣ ማናልሞሽ በወንበሩ ጫፍ ላይ እግሯን አጣምራለች። ላምያ ሦስቱንም አየች።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

ናስረዲን ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ይሄ ምንድን ነው?»

«እርሾ ነዋ። የእርጎ እርሾ። አርዋ ናት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትልክልኝ።» አርዋ ታላቅ እህቷ ናት፤ የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ትሠራለች። «ምነው? ከፍሪጅ ማን አወጣው?»

«ለእናቴ ሳትነግሪያት ለምን ታበያታለሽ?»

ላምያ አሁንም አልገባትም ነበር። ጉንጯ የቀላው በሐፍረት ነው። ወደ አስያ ሳታይ፣ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። «ሚዛን ከተማ፣ የዘመዳችን ኒካሕ የታሰረ ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ዱዓ ሲደረግ የኡሚ ሆድ ጮኸ። ልጃገረዶቹ ሳቁ። ኡሚ መንገዱን በሙሉ መኪና ውስጥ በሻርፓቸው ተሸፍነው አለቀሱ፤ አንተ ከፊት ነበርክ፣ አላየህም። ከዚያ ወዲያ ሰርግ አልሄዱም፤ ለቅሶ እንኳ ቀሩ። እኔ ምን ልበላቸው? ምራት ሆኜ፣ ሆድዎ ይጮኻል ልበላቸው? ለአርዋ ነገርኳት። ኡሚ ጤነኛ ናቸው፣ ጅማም ታይተዋል አልኳት። መድኃኒት አይደለም፣ ሆድ ውስጥ የሚጠቅም ሕይወት ያለው እርሾ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ያቀልለዋል፣ አንዳንዱን ምንም አያደርገውም፤ ለአንድ ወር ሞክሪላቸው አለችኝ። ይኸው ነው።»

«ላክቶ የወተት ማለት ነው ለካ» አለች ማናልሞሽ፣ ለማንም ሳይሆን። ተነሥታ፣ ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች።

ላምያ ምን እንደ ተጠረጠረች የገባት ያን ጊዜ ነው። ዓይኗ ከፓኬቱ ወደ ብልቃጡ፣ ከብልቃጡ ወደ ባሏ ሄደ። ፓኬቱን አነሣችና በጥርሷ ቀደደችው፤ ነጩን ዱቄት ምላሷ ላይ አራገፈችው፤ ያለ ውኃ ዋጠችው። ጥቂት ከንፈሯ ላይ ቀረ።

«ኡሚ ቢፈሩኝ አይፈረድባቸውም፤ የሚያስፈራቸው ነገር አለ» አለች። «በዒዱ ማግስት ገበያ አልደረስኩም። ዝናቡ መልሶኝ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

አስያ እጇ ጭኗ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁለት ወር! ሰምታ፣ ደብቃ፣ ከዚያ ደግሞ ወተት እያፈላች፣ ማር እየጨመረች፣ ሆድዎ እንዴት ነው እያለች።

«ግን አንተ» አለች ላምያ ወደ ናስረዲን ዞራ። «ሁለት ወር ሙሉ፣ እናቴን እምቢ አልኳት እስክትለኝ ጠበቅኩህ። አላልክም። ይሁን አልኩ። ዛሬ ደግሞ ይሄን አመንክ?»



ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት ቀረበ። ላምያ እንደ ማንኛውም ቀን ሩዝ ቀቅላ፣ የድንች ወጥ ሠርታ፣ በሦስት ሳህን አውጥታ መጣች። አስያ ይቅርታ ለመጠየቅ ከሰዓት ጀምሮ ቃል ስታዘጋጅ ነበር፤ ማድ ቤቱ በር ድረስ ሁለቴ ሄዳ ተመልሳለች። ላምያ የአማቷን ሳህን ፊቷ አኖረችላት፤ ከመነሣቷ በፊት ግን በማንኪያ ከሩዙም ከወጡም ወስዳ፣ እያየቻት፣ አኝካ ዋጠች። ከውኃውም ተጎነጨች። «ቀምሼዋለሁ ኡሚ፤ ይብሉ» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

ከዚያ ላምያ የባሏን ሳህን ፊቱ አስቀመጠች። እሱን አልቀመሰችውም። ቆመች፤ እጆቿን አጣጥፋ ጠበቀችው።

ናስረዲን ሳህኑን አየ። እንፋሎቱ ወደ ፊቱ ይወጣል። ማንኪያውን አነሣ፤ ሩዙን ከዚህ ወደዚያ አንቀሳቀሰ። አስያ የልጇን እጅ ስታይ ትንፋሿን ያዘች፤ ጠዋት ማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ከያዛት ፍርሃት ይህ የባሰ ነበር። «ብላ» አለችው በሹክሹክታ። «ናስሩ፣ ብላ እንጂ!» ማንኪያው ከሳህኑ ትንሽ ከፍ አለ፤ እዚያው ላይ ቆመ፤ ተመልሶ ወረደ።

«አልራበኝም» አለ ናስረዲን።

ላምያ ራሷን ነቀነቀች፤ ስትጠብቀው የቆየችው መልስ እንደ ደረሳት ሰው። ወደ መኝታ ቤት ገባች። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት፣ መስቀያዎቹ ሲንጋጩ፣ የሻንጣ ዚፕ ሲሳብ ተሰማ። ፋርማሲ አብራት ከምትሠራ ጓደኛዋ ጋ አድራ፣ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ቦንጋ፣ እናቷ ጋ እንደምትሄድ በስልክ ስትናገር ሁለቱም ሰሙ። ናስረዲን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ቀረ።

አስያ የልጇን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችው። የራሷን ገና አልነካችም፤ ርሃብም አልነበራት። ትልቅ ጉርሻ በእጇ አነሣችና ዋጠች፤ ሌላ አነሣች፤ ሩዙ ጉሮሮዋ ላይ እየቆመ፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ፣ ላምያ ከክፍሉ ስትወጣ እንድታያት እየተቻኮለች በላች። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል በሩ ተከፈተ። ላምያ ጋዋኗን በክንዷ ላይ አጥፋ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ደጅ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ።

ሳሎኑን አቋርጣ አለፈች። ወደ ጠረጴዛው አልዞረችም።